ሁለት መቶኛ

ኤልጎይባር ካፊያ ነው፣ ዴባ ወንዝ ደፍርሷል፣
የማለዳው ፈረቃ ደወሉ ተደውሏል።
እኔ ከፎቁ ላይ፣ ከሥዕሉ ገበታ፣
አንድ ሜትር ዘንግ ሳልኩ፣ ሳላርፍ ለአንድ አፍታ።
ከዘንጉ ጎን ደግሞ አንዲት ጠባብ ሣጥን፣
ግራዋ ሰረዝ ነው፣ ቀኟ ደግሞ መጠን፤
ሰረዙ ያዝዛል፦ «ቀጥ በል፣ አንተ ብረት!»
ቁጥሩ ይጠይቃል፦ «እሺ፣ ግን እስከ ስንት?»

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ኩሩ ነበር ነፍሴ፣
«ዜሮ» አልኩት ቁጥሩን፣ በደማቅ እርሳሴ፤
ጎባጣ ላላሳልፍ፣ ጠማማ ላልወድ፣
እንዲወጠር ብዬ እንደ ግንበኛ ገመድ።

ከሰዓት በኋላ ኮልዶ ደረጃውን ወጣ።
ኮልዶ ዘንግ አቃኚው፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመጭመቂያው ሥር የኖረ፤
የዘይት ጨርቅ በትከሻው፣ ወረቀቴ በእጁ።
ጥቁር ጣቱን ዜሮው ላይ አሳረፈ።

«ይህን ማን ጻፈው?»
«እኔ።»
«ማያለን፣ ልጄ፣ ይኼ ቁጥር አይደለም፣ ጸሎት ነው፤
እኔ ብረት እንጂ ጸሎት አላቃናም።
ነይ፣ ውረጂ።»

ወረድኩ። ማሽን ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣
የብረት ልጣጭ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል።
አንድ ዘንግ አጋደመልኝ፣ በሁለት የብረት ባላ ላይ፤
«ከትናንት ወዲያ ዐርባ መቶኛ ጎብጦ ነበር» አለ፤
«ቀጥ እስኪል ብቻ ብትጫኚው ስትለቂው ይመለሳል፤
አልፎ ይጉበጥ፣ ወዲያ ማዶ ይሂድ፣
ሲመለስ ከመሐል እንዲያርፍ።
ስንት ማለፍ እንዳለበት አትጠይቂኝ፤ ክንዴ ነው የሚያውቀው።»

ሰዓት የመሰለች መለኪያ አመጣ፤
ጫፍና ጫፉን ለካ፣ ከዚያ መሐሉን።
«እጅሽን አንሺ!»
ደነገጥኩ። መዳፌን ዘንጉ ላይ ጥዬ ነበር፤
መርፌዋ በሙቀቴ ብቻ ፈቀቅ ብላለች።
ዝም ብለን ጠበቅን፤ ብረቱ እኔን እስኪረሳ።

«መሐሉ ዐሥር መቶኛ ወርዷል» አልኩ፤ «ጠሟል።»
«ጥመቱ የማን ነው? ጠይቂው፣ ይናገራል።»
ቀስ ብሎ ግማሽ ዙር ገለበጠው።
መርፌዋ ሄደች፣ ስድስት ላይ ቆመች።

«ዐሥር፣ ስድስት። መሐላቸው ስምንት።
ስምንቱ የገዛ ክብደቱ ነው፤
ብትገለብጪውም ባትገለብጪውም ወደ መሬት ያያል።
ሁለቱ ግን የራሱ ነው፣ አብሮት ይዞራል።
ሰውም እኮ…»
መጭመቂያው ጮኸ፤ ጠሩት፤ ሳይጨርሰው ሄደ።

ከጀርባው አየሁት ሲሄድ። ጎበጥ ብሏል።
ስንቱ ሸክሙ፣ ስንቱ የራሱ እንደሆነ
ማን ገልብጦ ለክቶት ያውቃል?

ማታ ዜሮዬን በላጲስ ፈገፈግኩት፤
ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።
ሁለት መቶኛ ጻፍኩ፣
ከጎኑም በክብ የታሠረች አንዲት ፊደል።
ትርጉሟ፦ ዘንጉ ከከፍተኛ ውፍረቱ ከቀጠነ፣
የቀጠነውን ያህል ጥመት ይመረቅለት፤
ዋናው ነገር ከቀዳዳው ሳይቧጥጥ ማለፉ ነው።
(እንዲህ ያለ ፍርድ በሌላ ቤት አላየሁም።)

ከዚያ አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አወጣሁ፣
«ቀጥ በል» ብሎ የሚያዘውን መስመሬን አየሁ።
ዳር ዳሩ ተቦጫጭቋል፣ መሐሉ ወፍሯል፣
ከወረቀቱ ቃጫ ተሰናክሎ ዘሏል፤
ስፋቱን ለካሁት፣ ደግሜ ቆጥሬ፦
ሠላሳ መቶኛ ወጣው አንድ መስመሬ።

ለኮልዶ እስካሁን አልነገርኩትም።